ጎረቤት የሌለበት ቤት ፍለጋ

ወደ ስኮትላንድ የሄድነው ለእረፍት ነው ብለን ነበር። ለእናቴም፣ ለመሥሪያ ቤቴም፣ ለጠየቀን ሁሉ ያወራነው ይህንኑ ነው፤ ገጠር ውስጥ ቤት ተከራይተን አንድ ሳምንት ልናርፍ። የሄድነው ግን እናቴን መርዶ ልናረዳ ነበር።

የእማዬ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ ካረፉ ሳምንታት አልፈው ነበር። እማዬ ከእሳቸው ሌላ ወንድም የላትም። በየእሑዱ ይደውሉላታል፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ "በረዶው እንዴት ነው?" ይሏታል፣ ሐምሌም ቢሆን። ስልኩ ሲቋረጥባት ምን እንበላት? ጋሼ ለጉልበታቸው ጠበል ገብተዋል፣ ጠበሉ ቦታ ስልክ አይፈቀድም አልናት። እሷም አመነች። "ደግ አደረገ፤ ያ ጉልበቱ መከራውን አብልቶታል" አለች። ይህን ስትል ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ፊቴን አላዞርኩም።

በእኛ ወግ መርዶ እንደ ዜና አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ እህል ሳይቀመስ ይነገራል። በምንኖርበት ቶሮንቶ ቢሆን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ይህን ያውቁበታል። ያስቸገረችን እታለም ናት። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው፤ ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ከተማ ነው የምትኖረው። አባታችን የሞተ ጊዜ በሥራ ቦታዋ በስልክ ሰማች፤ ስልኩን ዘግታ፣ ሺፍቷን ጨርሳ፣ አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዋ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። ጋሼ ሲያርፉ ኮል አድርጋልኝ፣ "ሰናይት፣ እንደ አባዬ ጊዜ ለብቻዬ አላለቅስም። እማዬን ያለ እኔ ብታረዷት እህት አለችኝ እንዳትይ" አለችኝ። የመኖሪያ ወረቀቷ እድሳት ላይ ስለነበረ እሷ ወደ እኛ መምጣት አትችልም። ስለዚህ እማዬን ይዘን እኛ መሄድ ሆነ።

የት ትረዳ? የእታለም ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ የጎረቤት ሳል ያስተላልፋል። እኛ ደግሞ ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ አንዲት ሴት ተረድታ ስትጮህ፣ ከላይ ያለው ተከራይ ሰው እየተደበደበ መስሎት ፖሊስ ጠርቶ ያውቃል። ፖሊሶቹ በለቅሶተኛ መሃል ጫማቸውን እንደተጫሙ መቆማቸው እስከ ዛሬ ይወራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እማዬ እንደልቧ ጮኻ የምታለቅስበት ጎረቤት የሌለበት ቤት ኢንተርኔት ላይ ፍለጋ ገባን። ፐርዝሻየር በሚባል አውራጃ፣ በጎች መሃል የቆመች የድንጋይ ቤት ተገኘች። ማስታወቂያው ላይ "ጎረቤት ሩቅ ነው" ይላል። ይቺ ናት አልኩና ቡክ አደረግኩ።

ዓርብ ማታ፣ ከቶሮንቶ

ባለቤቴ ከኢቶቢኮ ሥራው በቀጥታ መጥቶ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰን። እሱ ፈቃድ ስላላገኘ የምንሄደው እኔ፣ እማዬና የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ማርታ ነን። ሻንጣውን ሲያወርድ ጆሮዬ ላይ፣ "ፊትሽን ጠብቂ፤ አንቺ አፍሽ ዝም ቢል ፊትሽ ያወራል" አለኝ። ልክ ነው። ሆዴ ውስጥ ነገር የማይቀመጥልኝ ሰው ነኝ፤ እንዴት አድርጌ እነዚያን ሳምንታት እንደቻልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እማዬ ደስ ብሏታል። ፍልሰታ ስለነበረ ሻንጣዋ ውስጥ በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ ጠቅጥቃለች። አውሮፕላኑ ሲነሳ አማተበችና፣ "ታዴ ከጠበል ሲወጣ ቢደውል ያጣኛል፤ ሳልነግረው መጣሁ" አለችኝ። ማርታ ከመስኮቱ በኩል አየችኝ። እሷ መዋሸታችንን አልወደደችውም፤ ቤት ውስጥም በእንግሊዝኛ "ብትሞቺ ለእኔም እንዲህ ነው የሚያደርጉት?" ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ወደ ሰሜን

እታለም ኤደንብራ አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበለን እማዬ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በቃ ነገሩ ወጣ አልኩ። እማዬ ግን ናፍቆት መስሏት "አይዞሽ የኔ እናት፣ ይኸው መጣሁልሽ አይደል?" እያለች ጀርባዋን ታሻሻት ጀመር።

መኪና ተከራይተን እኔ ነዳሁ። በግራ መንዳት እንዲህ ያስፈራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። አደባባይ በደረስን ቁጥር ማርታ "ግራ! ግራ!" ትላለች፣ እማዬ ስመ ሥላሴ ትደግማለች። ትልቁን ድልድይ ተሻግረን፣ የፐርዝን ከተማ አልፈን ፒትሎክሪ ስንደርስ ድንች፣ ጎመንና ዳቦ ገዛን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የተሠራ ሆነ። ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ አንዱ ገለል የሚልበት ቦታ እየተበጀለት ነው የሚሄደው። የሚያልፈው ሁሉ ከመሪው ላይ ጣቱን አንስቶ ሰላም ይላል። እማዬ ለእያንዳንዱ አንገቷን ሰበር እያደረገች "እግዜር ይስጥልን" ስትል ቆየችና፣ "ሰው የሚተዋወቅበት አገር ነው" አለች። ኮረብታው ላይ ያበበው ቁጥቋጦ ሐምራዊ ነው፤ በጎቹ መንገዱ ዳር ተኝተው አይነሱም።

የቤቷ ባለቤት ሞራግ ቁልፍ ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው። እሳቸው የሚኖሩት ከሜዳው ማዶ ነው፤ ባለቤታቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ማስታወቂያው "ሩቅ" ያለው ጎረቤት እንግዲህ እሳቸው መሆናቸው ነው። የጋገሩትን ብስኩት በሳህን ዘረጉልን። እማዬ እጅ ነስታ "ቅቤ አለው?" አለች። ማርታ ጾማችንን አስረዳች፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም።

"ታዲያ ምን ቀራችሁ?" አሉ ሞራግ ገርሟቸው።

"ምስር በያት" አለች እማዬ። "ምስር ካለ ሰው አይሞትም።"

እታለም ዕቃ የምታነሳ መስላ ወደ ውስጥ ገባች።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ጎህ ሲቀድ ልንነግራት ተስማምተን ነበር። ተናጋሪዋ እታለም ናት፤ ሽማግሌ የለን፣ ታላቅ እሷ ናት። ስንነሳ የእማዬ አልጋ ባዶ ነው። በመስኮት ብናይ ሜዳው ላይ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከሞራግ ጋር ዶሮዎች ስትፈታ። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስትመለስ ጫማዋ በጤዛ ርሶ ነበር።

"ባሏን አየሁት" አለችን። "አይናገርም፤ ዓይኑ ግን ያያል። ታጥበዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ለብቻዋ! ልጇ አውስትራሊያ ነው፤ ፎቶውን እያሳየች ነገረችኝ። የሚጠይቃት ሰው ይኖር ይሆን?"

እኔ ኖርዝ ዮርክ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ስገለብጥ ነው የምውለው፤ ለብቻ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ያን ጠዋት ስለ ሞራግ አላሰብኩም። እማዬ ቁርስ ሳትቀምስ እንዴት እንደምንነግራት ነበር የማስበው፤ እሷ ደግሞ ወሬዋ ሞቅ ብሎ እታለም አንደበቷ ተያዘ።

ሰኞ ዝናብ ነበረ። በሯን ቀስ ብለን ስንከፍት እማዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ዝናቡን ታያለች። "አባታችሁ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም" አለች። ሦስታችንም በሩ ላይ ተገትረን ቀረን። "ምን ሆናችሁ? ዳዊት እንደሚደግም ዲያቆን ተደርድራችሁ!" ብላ ሳቀችብን። ተመለስን። ወጥ ቤት ገብተን ተጣላን።

"አንቺ ነሽ እናገራለሁ ያልሽው!" አልኳት።

"አንደበቴ እምቢ ሲለኝ ምን ላድርግ? ደስ ብሏታል እኮ ሰናይት። አንድ ቀን ብትጨምር ምናለበት?"

"አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እያልን ነው እዚህ የደረስነው። ኋላ ይቅር የማትለን በሞታቸው ሳይሆን በመደበቃችን ነው።"

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከበጎቹ ጋር ፎቶ ተነሳች። "ለታዴ ትልኩለታላችሁ። ከጠበል ሲወጣ አይቶ ይሳቅብኝ" አለች። ማርታ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወደ ጫካው ሄደች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ያን ጊዜ ነገ የግድ ነው አልኩ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ

እታለም፣ እኔና ማርታ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰን ገባን። መናገር አላስፈለገም። እማዬ የነጠላችንን ጥለት ደረታችን ላይ አይታ ከአልጋዋ ተነሳች።

"ማነው?" አለች።

እታለም ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

"ማነው የሞተው? ተናገሩ እንጂ!"

"እማዬ፣ ጋሼ ናቸው" አለች እታለም።

"ታዴ? ጠበል ነው አላላችሁኝም? ታዴ?"

ከዚያ ደረቷን መታች። "ወንድሜ! ወንድሜን! ጋሻዬን!" አለች። ድምፅዋ የድንጋዩን ግድግዳ ጥሶ የሚወጣ መሰለኝ። እታለም እግሯ ላይ ወደቀች፤ የአባቴንም የጋሼንም አንድ ላይ አለቀሰችው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም ለሳምንታት የዋጥኩትን ሁሉ አወጣሁት። ፍራሹን ወለል ላይ አወረድን፣ እማዬን መሃል አስቀመጥናት። ብዙ አለቀስን። ቆይታ ቀና አለችና ክፍሉን ዙሪያውን አየች።

"ሰው የታለ?"

"እማዬ፣ እኛ አለን" አለቻት እታለም።

"እናንተማ ልጆቼ ናችሁ፤ ሰው የታለ ነው የምለው! ታዴ የእድር ዳኛ ነው። ለስንቱ ድንኳን የተከለ፣ ስንቱን ዘመድ የሌለው የቀበረ ሰው ነው። ለእሱ የሚያለቅስ ጠፍቶ በጎች መሃል አምጥታችሁ ታረዱኛላችሁ?"

እንደልቧ እንድትጮህ፣ ፖሊስ የሚጠራ እንዳይኖር ብለን መሆኑን ነገርኳት። ጎረቤት የሌለበት ቤት የፈለግነው ለዚያ ነው አልኳት።

"ለለቅሶ?" አለች። "ለለቅሶ ጎረቤት የሌለበት ቤት ፈለጋችሁ? ማነው እንዲህ ያለ ምክር የመከራችሁ?"

አፈርኩ። ከእሷ አፍ ስሰማው ጅልነታችን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ማማረሯ ስለ እኛ ሳይሆን ስለ ወንድሟ ክብር ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው የሸኘ ሰው በሦስት ሴቶችና በአንዲት ልጅ ተለቅሶ ሊቀርባት ነው። እሷም እንባዋን አቆመች። እንደዚያ ደርቃ መቀመጧ ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራኝ፤ የደም ግፊት አለባት።

በሩ ተንኳኳ። ሞራግ ናቸው፤ የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ ሜዳውን በሩጫ አቋርጠው የመጡ ናቸው። ድምፅ ሰምተው እሳት የተነሳ መስሏቸዋል። ማርታ በሩ ላይ ነገረቻቸው። ቦቱን አውልቀው በካልሲ ገቡ፤ በእርጅና የማይታጠፍላቸው ጉልበታቸው እየተንቀጫቀጨ ወለሉ ላይ ወርደው ፍራሹ ላይ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጡ። እጇን ያዙ። አይዞሽ አላሉ፣ አላቀፏት፣ አላለቀሱ። ዝም ብለው ተቀመጡ። ቀስ በቀስ የእማዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረና እንደገና አለቀሰች።

ብዙ ቆይተው ባለቤታቸውን ሊያዩ ሄዱ። አበቃ ብዬ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ትልቅ ድስት ታቅፈው ተመለሱ። ከኋላቸው ቆቡን በእጁ የያዘ ረጅም በግ አርቢ፣ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሴቶችና ደብዳቤ ሊያደርስ መጥቶ ነገሩን የሰማው ፖስተኛ ገቡ። ለእማዬ አንድ በአንድ እጅ ሰጥተው ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። ሞራግ ድስቱን ከፍተው በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ቅቤ የለም። ሥጋ የለም" አሉ። የምስር ሾርባ ነው።

እማዬ አየችው። "ምስር" አለች፤ ከዚያ ለእኔ፣ "ሰው ቤት ለቅሶ ሲሆን እህል ይዞ መምጣትን እነዚህም ያውቃሉ?"

በግ አርቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቀ። ማርታ ተረጎመች። እማዬም ተናገረች። ድንኳን ሲተክሉ መዶሻ የመታው አውራ ጣታቸው ጥፍር መልሶ አለመብቀሉን፤ በየእሑዱ በረዶውን መጠየቃቸውን፤ ልጆች ሆነው ጨለማ ስትፈራ እየዘፈኑ ቀድመዋት ይሄዱ እንደነበር። እኔ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጄ አንዲት ቃል ሳታጎድል አስተላለፈችው። ስለ በረዶው ስትነግራቸው ፖስተኛው ፈገግ አለ፤ ከሴቶቹ አንዷ መሀረብ አወጣች። እማዬ ማንም አቋርጧት ሳይነሳ ወንድሟን እስኪበቃት አወራች። ማታ ፍራሹ ላይ ጋደም ስትል፣ "አይጮኹም፣ ግን አይቸኩሉም" አለች።

የቀረውን ሳምንት አልዞርንም። ሐይቅ እናያለን፣ ቤተ መንግሥት እንጎበኛለን ያልነው ሁሉ ቀረ። ጠዋት ጠዋት እማዬ በድብቅ የያዝንላትን ጥቁር ልብስ ለብሳ ዶሮዎቹን ትፈታለች፤ ከሰዓት በኋላ ከሞራግ ጋር የታመሙት ሰውዬ አጠገብ ትቀመጣለች። ቅዳሜ ስንሰናበት እማዬና ሞራግ ብዙ ተያይዘው ቆሙ።

ቤት

ቶሮንቶ ስንገባ ባለቤቴ ሰው ጠርቶ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። ቄሱም፣ የማኅበሯ ሴቶችም፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምግብ ይዘው የመጡም ነበሩ። እማዬ እንደ ደንቡ አለቀሰች። ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጥጣ፣ "ውይ እህቴን! በባዕድ አገር፣ ያለ ሰው፣ እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?" አለቻት።

"ማነው ያለ ሰው ያለሽ?" አለች እማዬ ቆጣ ብላ። "ሞራግ ነበረች። ፖስተኛው ነበረ። ያ ቆቡን የያዘው ረጅሙ ሰውዬ ነበረ። ለታዴ ሰው አልጠፋም።"

እኔ ከጉዞው የተማርኩት ይህንን ነው። ብዙ ገንዘብና ብዙ ውሸት አውጥቼ ጎረቤት የሌለበት ቤት ፈለግኩ፤ ያተረፈን አለማግኘቴ ነው። እማዬ ስለ መደበቁ ይቅር ብላናለች፤ ሲከፋት ግን አሁንም "ጠበል!" ትለኛለች።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እታለም ደወለች። የሞራግ ባለቤት አርፈዋል። እማዬ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

"ማን አለ አብሯት?"

"ለጊዜው ማንም። ልጃቸው ከአውስትራሊያ እስኪደርስ ብቻቸውን ናቸው።"

"ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ተነሺ እንጂ! የለቅሶ ብድር አለብን።"

እታለም ከሥራ ፈቃድ ለምና፣ በባቡር ፒትሎክሪ ድረስ ሄዳ፣ ከዚያ በግ አርቢው በመኪናው አደረሳት። ይዛ የሄደችው የምስር ወጥ ነው። ማታ ከሞራግ ወጥ ቤት ሆና ቀስ ባለ ድምፅ ደወለችልን።

"እማዬ፣ ደርሻለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። ምን ልበላቸው?"

"ምንም አትበያት" አለች እማዬ። "ጫማሽን አውልቂና አጠገቧ ተቀመጪ።"